ዐውደ ምሕረትና ዕቃ ቤት፦ በስልካችን ያሉ መድረኮች እስከ መቼ ይቆማሉ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ ከወትሮው ለየት ያለ ትምህርት ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ እየተቀመሰ ሳለ አንዲት እኅት ጠጋ ብላ «አባ፣ ቴሌግራም ሊዘጋ ነው ይባላል፤ ትምህርቱን ሁሉ ወደ ቲክቶክ ለምን አናዛውረውም?» አለችኝ። ሁለተኛዋ ቀበል አድርጋ «ቲክቶክስ ይዘጋል ሲሉ አልነበር? ዋትስአፕ ነው የሚሻለው» አለች። ሦስተኛዋ «ኢሞ እያለ! ኔትወርክ እንኳ አይመርጥም» አለች። ክርክሩ ከሻዩ በላይ ሞቀ። እኔም «በጽሑፍ እመልሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ድምፅ ላድርገው ብዬ ነበር፤ ዓመተ ምሕረትና ቁጥር ስላለበት ግን በጽሑፍ ይሻላል። ረዘም ስለሚል የሥራ ቀን የሆነባችሁ ለእረፍታችሁ አቆዩት።

መጀመሪያ አዲሶቹ የማታውቁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚህ ቻናል በፊት ሌላ ግሩፕ ነበረን። በየትኛው መተግበሪያ እንደነበር ስሙን መጥራት አያስፈልግም። የከፈተችልን አንዲት ታታሪ እኅታችን ናት፤ በራሷ ስልክ፣ በራሷ ቁጥር። አራት ዓመት ያህል ሁሉም ነገራችን እዚያ ይገባ ነበር፦ የስብከቱ ድምፅ፣ የማኅበሩ መዋጮ፣ ሀገር ቤት ሐዘን ለደረሰባቸው ያዋጣነው፣ የተጠመቁ ሕፃናት ስመ ክርስትናና ቀኑ ከነፎቶው። ከዕለታት አንድ ቀን እኅታችን በድንገት ወደ ሀገሯ ገባች። የቤይሩቱ መስመሯ ካርድ የሚሞላለት አጣ። ስልኩንም አዲስ አበባ ላይ ሌባ ወሰደው። ግሩፑ ጠባቂ እንደሌለው ማሳ ሆነና የማናውቃቸው ሰዎች ማስታወቂያ ይለጥፉበት ጀመር፤ የሚያስወጣቸው ሌላ አስተዳዳሪ አልነበረም። ቆይቶ ጭራሽ ጠፋ።

በወቅቱ ብዙም አልደነገጥንም። ሌላ ከፈትን፣ ቀጠልን። የደነገጥሁት ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ሀገር ልትመለስ ስትል የጥምቀት ምስክር ወረቀት የጠየቀችኝ ዕለት ነው። ልጁ የተወለደው እዚህ ነው። እናቱ መኖሪያ ፈቃድ ስላልነበራት በመንግሥት መዝገብ አልገባም። ያጠመቅሁት እኔ ነኝ፤ ፊቱንም አስታውሳለሁ፤ ቀኑንና የክርስትና አባቱን ስም ግን ማስታወስ አልቻልሁም። «ግሩፑ ላይ ጽፈውት ነበርኮ አባ» አለችኝ። አዎ፣ ጽፌው ነበር። ጥፋቱ የመተግበሪያው አይደለም፤ የእኔ ነው። ዕቃ ቤት ሊገባ የሚገባውን ነገር ዐውደ ምሕረት ላይ ጥዬው ሄጄ ነው።

ይህ አነጋገር ለገጠር ልጅ ግልጽ ነው፤ ከተማ ላደጋችሁት ላብራራው። ዐውደ ምሕረት ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ የሚሰበክበት፣ አዋጅ የሚነገርበት አደባባይ ነው። ዝናብም ፀሐይም ያገኘዋል፤ ጉባኤው ሲያበቃ ባዶውን ያድራል። ዕቃ ቤት ደግሞ መጻሕፍቱ፣ መስቀሉ፣ ልብሰ ተክህኖው፣ መዝገቡ የሚቀመጥበት ነው። እኔ ባደግሁበት ደብር የዕቃ ቤቱ በር ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በቄሰ ገበዙ፣ አንዱ በአለቃው፣ አንዱ ከምእመናን በተመረጠ ሽማግሌ እጅ። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ልጅ ሳለሁ ይህን ሁሉ ጣጣ እንደ ጥርጣሬ እቆጥረው ነበር። የሦስታችንን ያህል ጥንቃቄ ሳናደርግ የአራት ዓመት መዝገብ በአንድ ሲም ካርድ ላይ እንደ ሰቀልን ያየሁ ዕለት ነው የአባቶቼ ዘዴ የገባኝ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንምጣ። አንድ መድረክ ይቆያል ወይስ ይፈርሳል ብሎ መመርመር ይቻላልን? በከፊል ይቻላል። ከዚህ በፊት የፈረሱትን ማየት ይረዳል።

ዕድሜያችን አርባን የዘለለ ሰዎች ፓልቶክን እናስታውሳለን። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ በአሜሪካና በአውሮፓ ያለው ወገናችን ሌሊቱን በፓልቶክ ክፍሎች ያነጋ ነበር፤ ፖለቲካውም፣ ስብከቱም፣ ስድቡም እዚያ ነበር። ፓልቶክ ዛሬም አልተዘጋም፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ግን የለም። ክለብሃውስም እንዲሁ። በ2013 ዓ.ም. የእኛ ሰው ሌሊት ተሰብስቦ ሲከራከርበት የነበረ፣ በዚያው ዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ ድርጅት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ አሰናበተ። እንዲህ ያለው ሞት በር ሳይዘጋ ሰው የሚያልቅበት ነው። ገበያ ሲፈርስ መጀመሪያ የሚቀሩት ገዢዎቹ ናቸው፤ ድንኳኑ ተተክሎ ይቆያል። በመድረክ ላይ ሕዝብ በዝቶ ሲታይ ይኖራል ብሎ መደምደም ስለዚህ አያስኬድም። የመጣበት ፍጥነት የሚሄድበትን ፍጥነት ሊነግረን ይችላል።

ሌላው ባለቤቱ አስቦበት የሚዘጋው ነው። ያሁ ሜሴንጀር ከ1998 ጀምሮ ስንት ትዳር ያስተዋወቀ፣ ስንት እናት ከልጇ ያገናኘ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2018 ተዘጋ። ጉግል ፕላስ ኤፕሪል 2 ቀን 2019 ተዘጋ፤ ባለቤቱ በዓለም ካሉ ባለጸጋ ድርጅቶች አንዱ ነው። ስካይፕን ማይክሮሶፍት በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ሜይ 5 ቀን 2025 አከተመ። እነዚህ ሲዘጉ አስቀድመው አስታውቀዋል። ስካይፕ ከሁለት ወር በላይ ቀድሞ ተናግሯል፤ ያላችሁን አውጡ ብሏል። ባለጸጋ ባለቤት ጥቅሙ ይህ ነው፦ ከሞት አያድንም፣ ግን ለኑዛዜ ጊዜ ይሰጣል። ሆኖም በወር አንድ እሑድ እንኳ የማትወጣ፣ ስልኳን ማታ ለግማሽ ሰዓት ብቻ የምታገኝ እኅታችን ያን ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ አንብባ፣ ገብቷት፣ የእናቷን ድምፅ ከዚያ ታወጣለች ማለት ዘበት ነው።

ሦስተኛው ክፉው ነው። ማይስፔስ የሚባል በአንድ ወቅት ከሁሉ የበለጠ ስም የነበረው መድረክ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2016 በፊት የተጫነበትን ሙዚቃ ሁሉ ዕቃ ከቤት ወደ ቤት ሲያዛውር እንዳጠፋው አመነ። ወደ 50 ሚሊዮን የሚደርስ ዜማ ነው የተባለው። አልተዘጋም፤ ሕግም አልከለከለውም። የሰው ስሕተት ብቻ። ሰዎቹ ዘፈናቸው «እዚያ አለ» ብለው ተኝተው ነበር። እኛም «ቻናሉ ላይ አለ» እንላለን።

እነዚህን ካየን በኋላ መጠየቅ ያለብን የመጀመሪያው ነገር መድረኩን ማን ይመግበዋል የሚለው ነው። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው የተናገረውን ታውቃላችሁ፤ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያልቆጠረ መሠረቱን ጥሎ ይቀርና መሳለቂያ ይሆናል። ነፃ ሆኖ የሚሰጠን ነገር ሁሉ የሚከፍለው ሰው አለው። ዋትስአፕን ፌስቡክ በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲገዛው ለጽድቅ አልነበረም። ያ ድርጅት የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ገቢውም ብዙ ስለሆነ ነገ በችግር ይዘጋል ተብሎ አይፈራለትም። የሚፈራው ሌላ ነው፤ አሠራሩን በፈለገ ጊዜ ቢለውጥ የሚጠይቀው የለም።

ቴሌግራም ታሪኩ ይለያል። ፓቬል ዱሮቭና ወንድሙ በ2013 ሲጀምሩት ለዓመታት ከዱሮቭ ኪስ ነበር የሚኖረው። ከዚያ የራሱን የዲጂታል ገንዘብ ሊያወጣ ሞከረ፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ከስሰው በ2020 አስቆሙት፤ ከባለሀብቶች ከሰበሰበው ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲመልስ ተደረገ። በ2021 ተበደረ፤ በ2022 ፕሪሚየም የሚባለውን ክፍያ ጀመረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አተረፍን ያሉት በ2024 ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት 24 ዱሮቭ ፈረንሳይ ሲገባ ተያዘ። «ሊዘጋ ነው» የሚለው ወሬ ያኔ ነው የተስፋፋው፤ እስካሁንም በየጊዜው ይነሣል። ዱሮቭ ሲያዝ ቴሌግራም አልተዘጋም፤ መልእክታችንም ሳይስተጓጎል ደረሰ። ከዚህ የምናየው ቴሌግራም ነገ ይፈርሳል የሚል አይደለም። የብዙ ነገር ክብደት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያረፈበት ቤት መሆኑን ነው። የእኛም የድሮ ግሩፕ በአንዲት እኅት ላይ አርፎ ነበር፤ መጠኑ ይለያል እንጂ ሕመሙ አንድ ነው።

ገንዘቡ ቢሞላም ደግሞ በሩን ሌላ ይዘጋዋል። ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን ለማስረዳት ምሳሌ አይቸግረንም። በጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ የተፈጸመው ሢመት ቤተ ክርስቲያናችንን ባስጨነቀበት ሰሞን፣ ምእመናን ጥቁር ለብሰው የነነዌን ጾም በጨረሱ ማግሥት፣ የካቲት 2 ቀን፣ በሀገር ቤት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ። እስከ ሐምሌ ድረስ፣ አምስት ወር ያህል፣ ያለ ቪፒኤን የሚከፈቱ አልነበሩም። ያን ጊዜ ትዝ ይላችኋል? የቤተ ክርስቲያንን መግለጫ እኛ ቤይሩት ቁጭ ብለን እናነባለን፤ በደጇ ያሉት አያዩትም። በስልክ እየደወልን ስናነብላቸው ነበር። አንዳንዶቻችሁ በመደበኛ ጥሪ ዶላራችሁን ጨርሳችሁ ለእናቶቻችሁ ያነበባችሁትን አልረሳውም። ከዚያ በፊት በሰኔ 2012 ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቷል። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ኖራለች፤ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል። የዚያን ጊዜ ጥያቄው የትኛው መተግበሪያ ይሻላል አልነበረም። ሁሉም አንድ ላይ ነው የወደቁት።

ይህ የእኛ ሀገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕንድ በጁን 2020 ቲክቶክን በአንድ ቀን ስታግድ ተጠቃሚዎቹ ወደ 200 ሚሊዮን ይደርሱ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በጃንዋሪ 2025 ጨልሞ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ተመልሷል። ዱባይ ያሉ እኅቶቻችሁ በዋትስአፕ ስትደውሉላቸው የማይገባው ስልካቸው ተበላሽቶ አይደለም፤ የዚያ ሀገር ሕግ በመተግበሪያ የድምፅ ጥሪን የሚፈቅደው ለተመረጡት ነው፤ ስለዚህ ነው ቦቲም አውርዱ የሚሏችሁ። እዚህ ሊባኖስም ቢሆን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2019 መንግሥት በዋትስአፕ ጥሪ ላይ በወር እስከ 6 ዶላር የሚደርስ ክፍያ ሊጥል ነው ሲባል ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ፤ ክፍያው በዚያው ምሽት ተሰረዘ፤ ሕዝቡ ግን አልተመለሰም፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀቁ። የሊባኖስ ሰው ቁጣው የስድስት ዶላር እንዳልነበረ ሁላችንም በዐይናችን አይተናል። ግን ለድኻ ሰው ነፃ ጥሪ ምን ያህል እስትንፋሱ እንደሆነ ያን ቀን ታወቀ።

ከመንግሥትም በታች ደግሞ ተራ ብልሽት አለ። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ሁሉ ስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። ድርጅቱ ጥገና ላይ ሳለ አንድ ትእዛዝ ተሳስቶ ገብቶ፣ ኢንተርኔት ወደ እነርሱ የሚያደርሰውን መንገድ ራሳቸው ሰረዙት። የጠፋው ሳይበላሽ መንገዱ ብቻ ጠፋ ማለት ነው። ከተማችን ደግሞ በጃንዋሪ 2022 የመንግሥቱ የቴሌኮም ጣቢያ ናፍጣ አልቆበት የቤይሩት ሰፈሮች ኢንተርኔት ሲያጡ አይታለች። ደመና ላይ ተቀመጠ የምንለው ነገር መጨረሻው የአንድ ጄኔሬተር ነዳጅ ጋ ይደርሳል።

እስካሁን የተናገርሁት የሩቁን ነው። አሁን ለእናንተ ከሁሉ የሚቀርበውን ላምጣ፤ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ለእናንተ መድረኩ የሚፈርሰው አሜሪካ ወይም ዱባይ ባለ ባለጸጋ ውሳኔ ከመሆኑ በፊት በስልክ ቁጥራችሁ ነው።

ዋትስአፕም፣ ቴሌግራምም፣ ኢሞም የተሰቀሉት በቁጥራችሁ ላይ ነው። የሊባኖስ የካርድ መስመር ደግሞ በጊዜው ካልተሞላ ይሞታል፤ ቁጥሩም ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ወዲህ የጥሪውና የኢንተርኔቱ ዋጋ በዶላር ተመን ሲሆን ደመወዝ ያልተከፈላቸው ስንቶቹ መስመራቸውን እንደጣሉ ታውቃላችሁ። ያን ቁጥር የገዛው ሰው ቴሌግራም ሲከፍት የመግቢያው ኮድ ለእሱ ነው የሚላከው። ሁለተኛ የይለፍ ቃል ካላደረጋችሁ ገብቶ የጻፋችሁትን ሁሉ ሊያገኝ ይችላል፤ ምክንያቱም ቴሌግራም መልእክታችሁን የሚያኖረው በራሱ ቤት ነው። ዋትስአፕ በተቃራኒው በስልካችሁ ውስጥ ነው የሚያኖረው፤ ስልኩ ከአራተኛ ፎቅ ሲወድቅ ወይም ማዳም ስትቀማችሁ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ካልነበረ፣ አብሮ ይሄዳል። ለአራት ወር ያህል ያልተከፈተ የዋትስአፕ አካውንትም ይሰረዛል። አንዱ ስልክ ሲጠፋ ያድናል፣ ቁጥር ሲጠፋ ያጋልጣል፤ ሌላው እንዲያው በተገላቢጦሽ። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ «ምን እንዳይጠፋብሽ ነው የፈራሽው?» ብዬ መልሼ ብጠይቅ አትቆጡኝ።

ሌላም አለ። አዲስ ስልክ ስትገዙ የሱቁ ልጅ ጂሜይል ይከፍትላችኋል። «ጨረስኩ፣ ያላ» ይላችኋል። የይለፍ ቃሉን ጠይቃችሁታል? ባለፈው ዓመት ከቅዳሴ በኋላ ሃያ ያህል እኅቶችን ጠይቄ የጂሜይል የይለፍ ቃላቸውን የሚያውቁ አራት ብቻ ነበሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የዋትስአፑ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ፎቶው፣ የስልክ ቁጥሮቹ ሁሉ የሚገቡት በዚያ ጂሜይል ነው፤ ቁልፉ ግን ስሙን በማታውቁት ልጅ እጅ ነው፣ ምናልባት እሱም ረስቶታል። ጉግል ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አካውንት ሊያጠፋ እንደሚችል በ2023 አስታውቋል።

ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ? በእናንተ ስልክ ውስጥ ያለውን ስለማውቅ ነው። ፓስፖርቱ ማዳም ካዝና ውስጥ ነው፤ በእጃችሁ ያለው ፎቶው ብቻ ነው። የኮንትራቱ ወረቀት ፎቶ፣ «በሚቀጥለው ወር እከፍልሻለሁ» ያለችበት የድምፅ መልእክት፣ ያልተከፈለ የሰባት ወር ደመወዝ ማስረጃ እሱ ነው። የሞተች እናት ድምፅም አለ። በመስከረም 2017 ዳሂዬና ደቡቡ ሲደበደብ አሠሪዎቻቸው በር ቆልፈው ጥለዋቸው ከሄዱት፣ በየመንገዱና በየባሕር ዳሩ ካደሩት መካከል ወደ እኛ የመጡ ነበሩ። አንዲቱ ስልኳ ተቆልፎ ከቀረው ቤት ውስጥ ነበር። ጨዋታው ሁሉ፣ የፓስፖርቱ ፎቶም፣ እዚያ። በቃሏ የያዘችው የአንድ ሰው ቁጥር ብቻ ነበር፤ ደሴ ያለው የወንድሟ። እሱ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት የላከችለትን የፓስፖርት ፎቶ አልሰረዘውም ነበር። ለጉዞ ሰነድ ስታመለክት ያቀረበችው ያን ቅጂ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ዘዴ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ በሌላው ዓለም ቁርጥራጩ ብቻ ሲቀር ሙሉውን ያገኘነው በግእዝ ነው። ጀምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሊቃውንቱ ደነቃቸው፤ ቆይቶም በቁምራን ዋሻ የአረማይኩ ብጥስጣሽ ተገኘ። ሙሉው የተረፈው አንድ ጠንካራ ቤት ስለነበረው አይደለም። ቤቶቹማ ብዙዎቹ ተቃጥለዋል፤ በግራኝ ጊዜ የተቃጠለውን፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተጋዘውን ታውቃላችሁ። የተረፈው ቁም ጸሐፊው በየገዳሙ እየቀዳ ስላኖረው ነው፤ አንዱ ሲቃጠል ሌላው ጣና ላይ ወይም አምባ ላይ ነበር። ከ1973 ጀምሮም የብራና መጻሕፍቶቻችን ወደ 9,000 የሚጠጉ በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀምጧል።

ነቢዩ ኤርምያስም እንዲሁ ነው ያደረገው። ንጉሡ ኢዮአቄም የትንቢቱን ክርታስ በካራ እየቀደደ በምድጃ ውስጥ ሲጥለው ነቢዩ ባሮክን ጠርቶ ከመጀመሪያው እንደገና አጻፈው፤ ሌላም ጨመረበት። በቃሉ ስለነበረ ተቻለ። መሬት በገዛ ጊዜ ደግሞ የውሉን ወረቀት የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱንም ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አኖረው። ከተማይቱ ተከብባ፣ እሱ ራሱ እስረኛ ሆኖ ሳለ ነው ይህን ያደረገው።

አሁን ስለ ቻናላችን ያደረግነውን ልንገራችሁ። የሰበካ ጉባኤው ተስማምቶበታል። ቴሌግራምን አንለቅም፤ ዝናብ ይመጣል ተብሎ ዐውደ ምሕረት አይታጠፍም። ነገር ግን ከእኔ ሌላ ሁለት አስተዳዳሪዎች ተሹመዋል፤ አንዱ እዚህ ቡርጅ ሐሙድ፣ አንዷ ሀገር ቤት። የባለቤትነቱን ቁልፍ ማዛወር ሲያስፈልግ የይለፍ ቃሉ ቢያንስ ሰባት ቀን ቀድሞ የተደረገ መሆን ስላለበት ከወዲሁ አድርጌዋለሁ፤ ቃሉም በታሸገ ፖስታ በሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር እጅ ነው። ዲያቆናችን በየሦስት ወሩ በኮምፒዩተር ቴሌግራም የቻናሉን ሁሉ እየገለበጠ በሁለት ሀርድ ዲስክ ያኖራል፤ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ ነው የሚያድረው። የሐምሌውን የወደብ ፍንዳታ ያየ ሰው ሁለቱንም በአንድ ሰፈር አያስቀምጥም። ጥምቀት፣ ጋብቻና ፍትሐት ደግሞ ከእንግዲህ በወረቀት መዝገብ ነው የሚጻፈው፤ በብዕር። ለአራቱ ዓመታት የጠፋውን ለመሙላት በየዋትስአፓችሁ የቀረ የጥምቀት ፎቶ ካለ ቀኑን እያያችሁ ላኩልን። እስካሁን አሥራ አንድ ልጆች ተገኝተዋል። የዚያች እናት ልጅ ግን ገና ነው፤ በአራቱ ዓመት መካከል፣ ምናልባት በሰኔ ወይም በሐምሌ፣ ሚካኤል የተባለ ወንድ ልጅ ሲጠመቅ የነበራችሁ አስታውሱ።

የእናንተን በተመለከተ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልካችሁን ከነቻርጀሩ ይዛችሁ ቆዩ። ዲያቆኑና ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይረዷችኋል። የጂሜይሉን የይለፍ ቃል እንለውጣለን፤ በቴሌግራም ላይ ሁለተኛውን ቃል እናደርጋለን፤ የፓስፖርትና የኮንትራት ፎቶ ሀገር ቤት ለምታምኑት አንድ ሰው እንልካለን፤ የደመወዙን ጨዋታ ከዋትስአፕ እናወጣለን። ፎቶ ቤቱ ልጅ ፓስፖርቱን በወረቀት ሊያትምልን ተስማምቷል፤ ለእያንዳንዷ ሁለት ቅጂ። የይለፍ ቃላችሁን ለእኔም ቢሆን አትንገሩኝ፤ የራሳችሁን ደብተር አምጡ፣ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ለብቻችሁ ወደ እኔ ኑ፤ እንደ ቆሎ ተማሪ በቃል እናጠናዋለን፤ ከሁለት ስልክ ቁጥር ጋር። መውጣት የማትችሉት ደግሞ ለምትወጣዋ ጓደኛችሁ ንገሯት፤ ከሰዓት በኋላ እስከ አሥር ሰዓት እንጠብቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።